ልብ ወለድ «ጉዳዩ፦» የለውም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። ያመጣልኝ የቆየ ደንበኛዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አንቺ መጽሐፍ ትወጂ የለ፤ እንዳትናደጂ ብቻ» ብሎኝ ወጣ። አነበብኩት። ተናደድኩ። በማግስቱ ደገምኩት፤ ንዴቱ በረድ አለና አንዳንዱ ነገር ልክ ሆኖ ታየኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉ ስለ ዘመኑ የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ጸሐፊው ዕድሜያቸውን ከመጽሐፍ ጋር ያሳለፉ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስማቸውን ልተወው፤ ጠቤ ከሐሳቡ ጋር እንጂ ከሳቸው ጋር አይደለም። አቤቱታቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ልብ ወለድ አይገባም፤ ደራሲዎቹ አዋቂ ለመባል ሆን ብለው ያወሳስቡታል። መልእክት የለውም፣ መጨረሻ የለውም። ዓረፍተ ነገሩ ስብርባሪ ነው። ስልቱ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው። ታሪኩ ሁሉ አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ጎንደር ያለነው የለንበትም። መጽሐፉ ውድ ነው፣ ግድፈቱም አይጣል ነው። ወጣቱ እንደሆነ ስልኩ ላይ ተተክሎ ስለሚውል አያነብም። ስለዚህ የድሮዎቹን ደግመን ብናነብ ይበቃናል ይላሉ።

«አንቺ ማን ነሽና ነው መልስ የምትሰጪው» ለሚለኝ፣ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ጽሑፍ ሳነብ ነው የምውለው። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መጥሪያ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ያለችውን ልብ ወለድ አወጣለሁ። ሌላ ማዕረግ የለኝም።

«መልእክት የለውም» የሚለውን ላስቀድም፤ ከሁሉ የከነከነኝ እሱ ነው። መልእክት ያለው ጽሑፍ እኔ ቤት በየሩብ ሰዓቱ ይገባል። ማመልከቻ ይባላል። ከላይ ቀን አለው። ቀጥሎ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት አለ፤ ከሥሩ «ጎንደር» ተብሎ ይሰመርበታል። መሐል ላይ «ጉዳዩ፦» ይላል። ጉዳዩ፦ የደረጃ እድገት ስለመጠየቅ። ጉዳዩ፦ የውኃ ቆጣሪ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ። ከዚያ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ተብሎ ያው ነገር ይደገማል። ኃላፊው ርዕሷን ብቻ አይቶ ለማን እንደሚመራው ያውቃል። እስከ ታች ማንበብ እንኳ አይጠበቅበትም።

ጸሐፊው ከልብ ወለድ የሚፈልጉት ይሄንኑ ይመስለኛል። ጉዳዩ፦ ክፋት እንደማያዋጣ ስለማሳወቅ። ጉዳዩ፦ ወጣቶች ወላጆቻቸውን እንዲያከብሩ ስለመምከር። እንዲህ ከሆነማ ሦስት መቶ ገጽ ምን ያደርጋል? ግማሽ ገጽ ይበቃል። እኔም ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ መትቼ አስረክባለሁ።

ለመልእክት ምሳሌ አድርገው የጠሩት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያላዳመጠ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። እኔም እወደዋለሁ። ግን እስቲ መልእክቱን ባንድ መስመር ይንገሩኝ። በዛብህ ይሞታል። ሰብለ ወንጌል መንኩሳ ትሞታለች። ጉዱ ካሣም ይሞታል። ደግ ደጉ ሁሉ አለቀ። «መልካም የሠራ መልካም ያገኛል» እንዳንል አላገኙም። «ፍቅር ያሸንፋል» እንዳንል ያሸነፈው ሞት ነው። የሥርዓቱን ክፋት ያሳያል የሚል መልስ የፈተና መልስ ነው፤ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ጽፌው ማርክ ተሰጥቶኛል።

እናቴ ታሪኩን ከሬዲዮ ነው የሰማችው። እስከ ዛሬ ቡና ላይ የምታነሳው ጉዱ ካሣን ነው። «ሰው ሁሉ እብድ ያለው ሰው ልክ ሆኖ ሲገኝ ምን ይደረጋል?» ትላለች። ይህን ስትል ዓይኗ ጎረቤታችን ያለ አንድ ሰው ላይ እንደሆነ እኛ እናውቃለን። እናቴ ከመጽሐፉ ይዛ የወጣችው ጥያቄ ነው። መልስ አይደለም። ጸሐፊው የሚያወድሱት መጽሐፍ የሠራው ሥራ ይሄ ከሆነ፣ የዛሬዎቹ ያንኑ ሲሠሩ ለምን ይወቀሳሉ?

«የድሮው ግልጽ ነበር፣ የዛሬው ድብቅ ነው» የሚለውም አይሄድልኝም። በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ወጣ። ያኔም ከባድ ተባለ፣ ዛሬም ከባድ ነው። እኔ ሦስቴ ጀምሬ በሦስተኛው ነው የዘለቅኩት፤ ሁለት ጊዜ ያቆምኩባትን ገጽ አሁንም አውቃታለሁ፣ ጥጓ ታጥፋለች። በዚያው በ1962 የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ወጣ። እሱ ደግሞ እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው። ባንድ ዓመት፣ ባንድ አገር፣ ሁለቱም። እንግዲህ ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የሚታኘክም የሚጠጣም ጎን ለጎን ነበረን። የሚጠጣውን መውደድ መብት ነው። የሚታኘከውን «ምግብ አይደለም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ዓረፍተ ነገሩ ስብርባሪነት ያሉትን ሳነብ ሳቄ መጣ። አጭር ዓረፍተ ነገርን እንደ ዘመን አመጣሽ በሽታ ነው የቆጠሩት። የጎንደር ሰው ሆነው ብርሃኑ ዘሪሁንን እንዴት ረሱት? እዚሁ ከተማ የተወለደ፣ በኋላ የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ አዘጋጅ የሆነ ደራሲ ነው። ያ የጋዜጠኛ ብዕሩ ያመጣው ቁጥብ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቋጭ ዓረፍተ ነገር በጊዜው እንደ አዲስ ነገር ነበር የታየው። «የታንጉት ምስጢር»ን ከፍቶ ማየት ነው። ያኔ አዲስ የነበረው ዛሬ «ድሮ» ውስጥ ገባና ልጆቹ በሱ ይሰደባሉ።

አሁን «ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

አንደኛ ነገር፣ ልብ ወለድ ራሱ ከየት መጣ? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነው። «ልብ ወለድ» የሚለው ስም እንኳ ከዚያ መጽሐፍ ርዕስ የተረፈን ነው። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የት ሆነው እንደጻፉት አላውቅም፤ ፒያሳ ከሆነ ግን «ፒያሳ» የማን ቃል እንደሆነ ይጠይቁ። ፖስታ ቤቱን ማን እንደሠራው ይጠይቁ። ከፊታቸው ማኪያቶ ከነበረ እሱንም። ጎንደር የመጣውን ተቀብላ የራሷ አድርጋ የምትኖር ከተማ ናት። ልብ ወለድ ላይ ሲደርስ ብቻ ኬላ የምንዘረጋው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው ነገር ግን ክርክር ሳይሆን ያየሁት ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በእጅ የተጻፈ አጭር ልብ ወለድ አመጣልኝ። እንድመታለት። ስምንት ገጽ ነው፣ ጽሑፉ ግን ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው። አዘዞ ውስጥ ያለ አንድ ቤት ነው ታሪኩ። እናት፣ ልጅ፣ አያት። ሌላ ሰው የለም። ሁለተኛው ገጽ ላይ እናትየዋ ቡና ስታቀራርብ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ አራት ሲኒ ደረደረች። ሦስት ነን።»

ስህተት መሰለኝ። ሥራዬ ነው፤ በቀን ስንት ስህተት አርማለሁ። ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና ከበብኩት። ከዚያ ደወልኩለት። «አራት ነው ወይስ ሦስት?» አልኩት። «ሁለቱም ልክ ነው» አለኝ። ልጁ የቀለደብኝ መሰለኝ። እንደተጻፈው መትቼ ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ።

መብራት ሲጠፋ ቤቴ ሰው ይሞላል፤ የሚሄድበት ስለሌለው አይደለም፣ አሁን ይመጣል እያለ ነው። ያን ቀን ግን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። የኔታ። አንድ ደብዳቤ ሊያስመቱ ነው የመጡት። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። መነጽራቸው አንድ ጆሮው ተሰብሮ በክር የታሰረ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ሳብ አድርገው፣ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡ ጀመር። ቀዩዋ ክብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ የማን ነው፣ ልጄ?»

«የአንድ ተማሪ ነው፣ የኔታ። ልብ ወለድ ነው።»

«ለምን ከበብሺው?»

«ተሳስቷል። ሲኒው አራት፣ ሰዎቹ ሦስት ናቸው።»

«እስቲ ንባቡን በይልኝ።»

አልኩላቸው። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። ጭራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አንድም የሄደ ሰው አለ። አንድም የሚመጣ ሰው አለ።» ዝም አሉ። መንገድ ላይ ባጃጅ አለፈ። «አንድም እናቲቱ መቁጠር ትታለች።»

ሰውነቴ ቀዝቀዝ አለኝ። የመጀመሪያውን እኔም ደርሼበት ይሆን ነበር። ሁለተኛውን የቡና ወግ የሚያውቅ ሁሉ ይለዋል፤ ለእንግዳ የሚተርፍ ሲኒ በየቤቱ ነው። ሦስተኛው ግን ከየት መጣ? ወረቀቱን ከፊታቸው ሳብኩና እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ገጽ አራት ላይ እናትየዋ ልጇን በወንድሟ ስም ትጠራዋለች። አምስት ላይ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች። እኔ በመምታት ያለፍኩት ገጽ ነው። ጣቴ አልፎበታል፣ ዓይኔ ግን አላየውም።

«ከሦስቱ ትክክሉ የቱ ነው፣ የኔታ?»

«ትክክሉማ ንባቡ ነው» አሉ። «ይህ ሁሉ ከሱ የወጣ ነው።» ከዚያ ደብዳቤያቸውን ጠየቁኝ። መብራት እንዳልመጣ አስታወስኳቸው።

አንድ ነገር ላስተካክል፤ የኔታ ቢሰሙኝ ይቆጡኛል። አንድምታ ማለት እንደ ልብ መተርጎም አይደለም። ከመምህር ቁጭ ብለው የሚቀበሉት፣ ቃሉ ታስቦ፣ ተሰፍሮ የሚወርድ ትምህርት ነው፤ የሚነገረውም በቅዱሳት መጻሕፍት ላይ ነው። የተማሪ ልብ ወለድ ከዚያ ጋር አይቆጠርም። ያን ቀን ቀልደው ይሁን አስተምረው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ቢሆንም ልማዱ የቱ ጋ እንዳለ ልብ ይበሉልኝ። አንድ ንባብ ፊት ቀርቦ «ይህም ይሆናል፣ ያም ይሆናል» ብሎ ሁለቱንም ይዞ መቀመጥ እዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች የተለዩት እዚሁ ጎንደር ነው። ታች ቤትን ያነሡት መምህር ኤስድሮስ ናቸው። ላይ ቤቶች እንዲህ ይፈቱታል፣ ታች ቤቶች እንዲያ፤ ተማሪው የሁለቱንም ያውቃል። ባንዲት ቃል ላይ ትውልድ ሲከራከር የኖረበት ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ከአንድ በላይ ትርጉም ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው» ማለት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከበር ውጭ ቆሞ ቤቱን አላውቀውም እንደማለት ነው።

ከዘመኑ ደራሲዎችም ቢሆን «ፈረንጅ» ተብሎ ከሁሉ በላይ የሚታማው አዳም ረታ ይመስለኛል። እሱ ደግሞ ስልቱን ለማስረዳት የመረጠው እንጀራን ነው። ሕጽናዊነት ይለዋል። ታሪኮቹ እንደ እንጀራ ዓይኖች ናቸው፤ ሁሉም ለየብቻ፣ ሁሉም ያው እንጀራ ላይ። ካንዱ ታሪክ የወጣ ነገር ሌላው ውስጥ ብቅ ይላል። የኔ አረዳድ እንግዲህ ይህን ያህል ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይጨምሩበት። ግን ምጣድ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚገባውን ምሳሌ ይዞ የመጣን ደራሲ ፈረንጅ ማለት ይከብደኛል።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። «ግራጫ ቃጭሎች»ን መጀመሪያ ያነበብኩት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ 1997 ዓ.ም. ነው የወጣው። ግማሽ ሳይደርስ ተውኩት። ምንም አይከሰትም ብዬ። ያኔ ገና ቤቷን መክፈቴ ነው፣ ጊዜ የለኝም፣ ታሪኩ ቶሎ ቶሎ እንዲሄድልኝ እፈልጋለሁ። ከዓመታት በኋላ አባቴ ታሞ ሐኪም ቤት ሳስታምም ያንኑ መጽሐፍ ይዤ ሄድኩ፤ ሌላ ያላነበብኩት ስላልነበረኝ ብቻ። አስታማሚ ደግሞ የሚቸኩልበት የለውም። ግሉኮሱ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በየገጹ ደራሲው ትንንሽ ነገር ላይ ቆሞ ሲቀር እኔም አብሬው እቆም ጀመር። ሽታ ላይ። ግድግዳ ላይ። መጽሐፉ ያው ነው። ታዲያ «አይገባም» ያልኩት መጀመሪያ ላይ ማንን ነበር?

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይሄንን ነው። ጽሑፋቸው ላይ ሁለት የዘመኑን መጽሐፍ ጀምረው እንደተዉ ይናገራሉ። ጨርሰው ቢጠሉት ክርክሩ ሌላ ይሆን ነበር። ወይም ደግሞ ጨርሰው፣ እንደገና ቢጀምሩት። የድሮዎቹን «ደግመን እናንብብ» የሚሉት ሰው የዛሬዎቹን አንዴም ሳይጨርሱ ፍርድ መስጠታቸው አልገባኝም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንት ጊዜ አነበቡት? አራት? አምስት? ለአዲሱም ሁለተኛ ዕድል ይስጡታ።

ጎንደር የለችበትም ላሉት ግማሽ እውነት አላቸው። የዓለማየሁ ገላጋይ «አጥቢያ» የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። አሳታሚው እዚያ ነው፣ አከፋፋዩ እዚያ ነው፣ ምረቃው እዚያ ነው፤ ታሪኩ እዚያ ቢውል አይገርምም። ግን «ጨርሶ የለንም» ማለት ትክክል አይደለም። የሕይወት ተፈራ «ምንትዋብ» የማን ታሪክ ነው? የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቁስቋም ወጥቶ ፍርስራሹ መሐል የቆመ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ ድንጋዩ ሁሉ ሌላ ይሆንበታል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስወጣ ስወርድ ያየሁት ግንብ ነው፤ መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ እህቴን ይዤ እንደ ቱሪስት ሄድኩ። እህቴ ሳቀችብኝ።

የኔ ቅሬታ ግን ከሳቸው ይለያል። ጎንደር ልብ ወለድ ውስጥ ስትገባ ሁሌ ዘውድ ደፍታ ነው። ነገሥታት፣ ግንብ፣ ቴዎድሮስ፣ ሴራ። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴትዮ የታለች? ለጥምቀት እንግዳ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ዘመድ ቤት የሚያድረው ሰውዬ የታል? ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ እኔ ቤት በር ላይ ሲቪ ይዞ የሚቆመው ልጅ የታል? የአዘዞው ልጅ ስምንት ገጽ ደስ ያለኝ አንዱ በዚህ ነው። ግንብ የሚባል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ዋጋውን በተመለከተ ምንም አልከራከርም። ውድ ነው። የምገዛው ወረቀት አንድ ፓኬት ምን ያህል እንደጨመረ እኔ አውቃለሁ፤ የማተሚያ ቤቱም ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው። ደራሲውን መውቀስ ግን አይገባም፤ ብዙዎቹ ማተሚያውን ከራሳቸው ኪስ ከፍለው ነው። ሦስት ጓደኛሞች አንድ መጽሐፍ ተዋጥተን ገዝተን በየተራ እናነባለን። መጀመሪያ የሚያነበው ማን ይሁን በሚለው ላይ የምንጣላው ጠብ ለብቻው አንድ ልብ ወለድ ይወጣዋል።

ግድፈቱንም እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ልጨምርላቸው። ሀ እና ሐ ተቀያየሩ ብዬ አላለቅስም። የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መጽሐፍ ላይ መጀመሪያ አለሙ የነበረ ሰው ከሃምሳ ገጽ በኋላ አለማየሁ ሆኖ ተነሣ። ሌላ ሰው መስሎኝ ስጠብቀው ቆየሁ፤ ሚስቱን ሲያቅፍ ነው የገባኝ። ይሄ የደራሲው ችሎታ ማነስ አይደለም፤ አርታኢ አለመኖሩ ነው። እኔ የሠርግ ጥሪ ስመታ እንኳ ሁለት ሰው ያነበዋል፤ የሙሽራዋ ስም ከተሳሳተ ሂሳቤን አላገኝማ! ሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ እንዴት አንድ ሰው ብቻ አይቶት ይወጣል? እዚህ ላይ ጸሐፊው ሌላ ጽሑፍ ቢጽፉ እኔ በነፃ እመታላቸዋለሁ።

ወጣቱ አያነብም የሚለው ደግሞ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስልክ ላይ መተከሉ እውነት ነው። ግን ስልኩ ውስጥ ምን እንዳለ ጎንበስ ብለው ያዩ አይመስለኝም። የመጽሐፍ ፒዲኤፍ በቴሌግራም እንደ ጉድ ይዞራል። አንዳንዱ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ መጥቶ «አትሚልኝ» ይለኛል። እምቢ እላለሁ፣ የደራሲው እንጀራ ነው ብዬ። ሁልጊዜ እምቢ እላለሁ ብል ግን ውሸት ይሆናል። ሌላው ጆሮው ላይ ሰክቶ ትረካ ይሰማል። እናቴ ሬዲዮ አጠገብ ቁጭ ብላ ጉዱ ካሣን ስትሰማ «አታነብም» ያላት አልነበረም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛዬ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ትረካ ከፍቶ ይቀመጣል፤ ታሪኩ ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ሰው ቢመጣ «ሞልቷል» ይላል። ባጃጁ ባዶ ነው። ሕገወጥ ቅጂው ደራሲውን እየጎዳ መሆኑ ሌላ ትልቅ ጉዳይ ነው። የሌለ አንባቢ ግን መጽሐፍ አይሰርቅም።

የልጁን ነገር ልጨርስ። የኔታ ከሄዱ በኋላ ቀዩን ክብ ላጠፋው አልቻልኩም፣ እስክሪብቶ ነው። ስምንቱን ገጽ መትቼ፣ አትሜ፣ ለልጁ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። የኔታ ያሉትን ነገርኩት። ሁለቱን ሲሰማ ፈገግ አለ። ሦስተኛውን ስነግረው ፊቱ ተለወጠና ወረቀቱን ወደ ጠረጴዛው መለሰው።

«እትዬ፣ "ሦስት ነን" የምትለዋን ያጥፉልኝ» አለኝ።

«ለምን? ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ አይደለም እንዴ?»

«እንዲያ ጮክ ማለት አልነበረባትም። አራቱ ሲኒ ይበቃል።»

ተከራከርኩት። ሦስት መሆናቸው ካልተጻፈ ማን ልብ ይለዋል አልኩት። የኔታ ይሉት ነበር አለኝ። እኔስ አልኩት። ዝም አለ፤ ትንሽ አፍሮ። እኔም ትንሽ ተቀይሜ ዋልኩ።

ዛሬ ማታ ፋይሉን ከፍቼዋለሁ። ጠቋሚዋ «ሦስት ነን» መጨረሻ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ነገ ጠዋት ክፍል ሳይገባ ሊወስድ ይመጣል። እስካሁን አላጠፋኋትም።